በእንሰት ጓሮ የፈነዳው ኮከብ

እህቴ ከቆጮው ጉድጓድ አፍ ላይ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤቷ በስተቀኟ፣ ከተከመረው የእንሰት ቅጠል አጠገብ ናት። ከጉንችሬ አግብታ የመጣችው ፋቂ በሳንቃዋ ፊት ለፊት ነበረች፤ እርሷ አልቆመችም፣ እንሰት የሚፋቀው ተቀምጦ ነው። የእህቴ የመጨረሻ ልጅ መሀላችን ላይ በግራ እጇ ቀይ ፊኛ፣ በቀኝ እጇ ወስፌ ይዛለች። እኔ ገና የተፋቀው ትኩስ ቆጮ ከተዘረጋበት በስተራስጌ፣ አንድ ሰፊ የእንሰት ቅጠል እንደ ጋሻ ይዤ ቆሜያለሁ። ከእንሰቱ ረድፍ ማዶ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ አንድ ወንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ሌላ ሰው አልነበረም። ዶሮዎች ነበሩ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ። ቦታው ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ ያለው የእህቴ ጓሮ ነው። ሰዎቹ እዚያ ለምን እንደቆሙ ሳልናገር ብቀጥል አንባቢ የእብዶች ስብሰባ ይመስለዋልና ከመነሻው ልጀምር።

ፊኛ የያዘችው የእህቴ ልጅ ፊዚክስ ተምራ ጉብሬ ካለው ግቢ ታስተምራለች። ታስተምራለች ስል በጊዜያዊነት ነው፤ ሁለት ዓመት በውል ቆይታለች። በመጨረሻ አንድ ቋሚ ቦታ ተገኘና እርሷና ሌላ አንድ ወጣት ተወዳደሩ። ፈተናውን አለፈች። ጽሑፏን አቀረበች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያጠናችውን ነገር፣ ትምህርቱን ላልተማሩ አራት ሰዎች፣ እነሱ ባሉበት ሄዳ ማስረዳት። ከአራቱ ሦስቱ ከገባቸው ቦታው የእርሷ ይሆናል። ካልገባቸው ለወጣቱ ይሰጣል፤ እርሷም ሰኔ ላይ ውሏ ሲያልቅ ሻንጣዋን ትይዛለች።

ያጠናችው ከብት ማድለብ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ያጠናችው ግን ፍኖተ ሐሊብ የምንለው የከዋክብት መንደር ገና ልጅ ሳለ፣ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ከዋክብት ፈንድተው ብረቱንና ወርቁን እንዴት እንደበተኑ ነው።

ከአራቱ አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ሌሎቹ እናቷ፣ ነጋዴዋና ፋቂዋ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ዕድሜዬን በትምህርት ቤት ጸሐፊነት አሳለፍኩ፤ ዘጠኝ ዓመት ጉንችሬ፣ የቀረውን እዚሁ ቡታጅራ። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ፈተና ሲተየብ የኖረው በእነዚህ ጣቶች ነው። ልጅቷ አድማጮቿን በጣቷ ስትቆጥር፣ “አክስቴ የተረጋገጠች ናት፤ የሚያሰጉኝ ሌሎቹ ሦስቱ ናቸው” አለች። ነገር ግን ማስታወሻዋን ተውሼ በማስመሪያ እያሰመርኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ጊዜ የገባኝን እየዘለልኩ ነው።

ሌሎቹን አስቀድሜ ላስጠናቸው ፈልጌ ነበር። እህቴ አልፈቀደችም።

“አንቺ ስታስረጂኝ የማውቀውም ይጠፋብኛል” አለችኝ።

ቦታው ለምን የእንሰት ጓሮ ሆነ ለሚል፣ ሴቶቹ ሌላ ቦታ ስለማይገኙ ነው። ልጅቷ ሳሎን ውስጥ ወንበር ደርድራ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል ለጥፋ ልታስተምር አስባ ነበር። እናቷ ሳሎኑን በር ላይ ቆማ አየችው።

“እንሰቱ ትናንት ተነቅሏል” አለች። “ኮከብሽ ስንት ዓመት ቆየ አልሽኝ?”

“ብዙ ሺህ ሚሊዮን ዓመት።”

“እንግዲያው እሱ ይቆየናል። የተነቀለ እንሰት ግን አይቆይም። ነይና እዚያው አስተምሪን።”

ሊገመግማት ከግቢው የተላከው መምህር ረፋድ ላይ ደረሰ። ከወልቂጤ በሚኒባስ መጥቶ፣ ከዋናው መንገድ በባጃጅ ገብቶ፣ ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ የመጡ፣ እርሱ ግን ከተማችን ያሳደገችው። ድምፃችንን ተከትሎ በጓሮ በኩል ሲመጣ አራታችንም በአንድ አፍ ጮኽን። የጉንችሬዋ ሴት መፋቂያዋን ሳይቀር አነሳች። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይደርስም። ይህን የማያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ አለ ብለን አልገመትንም። ቆጮ ከክትፎ ጋር ሲቀርብለት አድጎ፣ ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቆ የማያውቅ ሆኖ ተገኘ።

“ይቅርታ እናቶቼ፣ ይቅርታ” እያለ ወደ ኋላ በእግሩ ጣት ተመለሰ።

እህቴ ወንበር አስወጣችለት። ከእንሰቱ ረድፍ ማዶ አስቀመጠችና ፊቱ ወደ መንገዱ እንዲሆን በገዛ እጇ አዞረችው።

“እናቴ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እንዴት ነው የምገመግመው?”

“በጆሮህ ነዋ፣ የኔ ልጅ። ትምህርት የሚገባው በጆሮ ነው።”

እሺ ብሎ ተቀመጠ። ፎርሙን አወጣ። ፎርሙ ጥያቄዎች ነበሩት፤ የመጀመሪያውን ከፍ ባለ ድምፅ አነበበው።

“አቅራቢዋ ከአድማጮቿ ጋር ዓይን ለዓይን ትተያያለች?”

“ትተያያለች!” አለች በርበሬ ነጋዴዋ። “አሁን እኔን እያየችኝ ነው። አሁን ደግሞ ዶሮዋን አየች። ወላሂ፣ ሁሉንም ታያለች።”

“የማስተማሪያ መርጃ አዘጋጅታለች?”

“ፊኛ አላት።”

“ፊኛ” ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲጭር ሰማሁት።

ልጅቷ ጀመረች። ድምጿ መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ አዳራሽ ተማሪ ስታስተምር ያልፈራች፣ እናቷን ፈራች።

“የከዋክብት መንደራችን ሕፃን ሳለ፣ ከጥቂት ነገር በቀር ሁለት ጋዝ ብቻ ነበር የነበረው። ሃይድሮጅንና ሂሊየም። ሁለቱም ቀላል ናቸው።”

“ውሃስ?” አለች እህቴ።

“ውሃ አልነበረም፣ እማዬ። ለውሃ ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ እሱ ገና አልተሠራም።”

“ጨውስ?”

“እሱም የለም።”

“አፈርስ?”

“የለም።”

“ታዲያ ሰዎቹ ምን በልተው ኖሩ?”

“ሰው የለም እኮ።”

“ይሁን፣ እሱስ ደግ ነው” አለች እህቴ። “ቀጥዪ።”

ቀጠለች። ጋዙ በራሱ ክብደት እየተሰበሰበ፣ እየተጫነ፣ እየጋለ ሄዶ ኮከብ ይሆናል አለች። ኮከቡ ሃይድሮጅኑን እያነደደ ሂሊየም ያደርገዋል። የሚያነድደው ሲያልቅበት ደግሞ ሂሊየሙን ያነድዳል፤ ከእሱ የከሰሉ ነገር ይወጣል፤ ከዚያ ኦክስጅን፤ ከዚያ አሸዋ ውስጥ ያለው ነገር፤ እያለ እያለ፣ ትልቅ ኮከብ ከሆነ፣ እምብርቱ ላይ ብረት ይደርሳል።

“የትኛው ብረት?” አለች ነጋዴዋ።

“ይኸው ብረት። የቢላዋሽ፣ የሚዛንሽ። ደማችን ውስጥ ያለውም ብረት ከከዋክብት የወጣ ነው።”

እህቴ ባለፈው ዓመት ደም ማነስ ተብላ ሐኪም ቤት የብረት ክኒን ታዞላት ነበር። አሰበች።

“ያ ክኒን ኮከብ ነው በይኛ። ለዚህ ነዋ በጉሮሮዬ አልወርድ ያለው!”

ማዶ ያለው መምህር ሳቀ። ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ለልጅቷ ግን ያ ሳቅ ጠቀማት፤ ትከሻዋ ወረደ፣ ድምጿም ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ኮከቡ ለምን እንደሚፈነዳ አስረዳች፣ ዓይኗን በጉንችሬዋ ፋቂ ላይ አድርጋ። ብረት ሲደርስ ምን እንደሚሆን በደንብ እንደተናገረች በኋላ ሰምቻለሁ። እኔ በዚያ ሰዓት አላዳመጥኩም። የማውቀው ክፍል መሰለኝ። ያሰመርኩበት ገጽ ነው። ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር።

ከዚያ ፊኛው መጣ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ይህን አሁንም አልክድም። መሬት ላይ ነጭ አንሶላ ተነጥፏል። አንሶላው የመጀመሪያው ንጹሕ ጋዝ ነው። ፊኛው ኮከቡ ነው። ፊኛው ውስጥ የተፈጨ በርበሬ አለ፤ በርበሬው ኮከቡ የሠራቸው ከባድ ነገሮች ናቸው። ፊኛው ሲፈነዳ በርበሬው አንሶላው ላይ ይበተናል፤ ነጩ ቀይ ይሆናል፤ ሁሉም ያያል። ማየት የማይችለው ጀርባውን የሰጠው ገምጋሚ ብቻ ነው።

በርበሬውን የሰጠችው ነጋዴዋ ነች። አንድ ማንኪያ ይበቃል ቢሏት፣ “ኮከብ ከሆነማ ከደህናው ነው” ብላ ለገበያ ካዘጋጀችው ከምርጡ፣ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ሰፍራ በተጠቀለለ ወረቀት አንቆርቁራ ሞላችበት። የሷን በርበሬ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከመጋዘኗ በር ፊት ለፊት የቆመ ባጃጅ ነጂ ሳይበላው ያለቅሳል።

እህቴ አንሶላውን አየች፣ ፊኛውን አየች፣ የነፋሱን አቅጣጫ በጉንጯ ለካች። አንሶላው ከትኩሱ ቆጮ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው።

“አንቺ” አለችኝ። “ቅጠሉን ይዘሽ ቆጮዬ ላይ ጋርጂ። ሌላ ሥራ የለሽም። ቅጠሉን መያዝ ብቻ።”

“ገብቶኛል” አልኩ።

ስለ እህቴ ቆጮ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ቆጮ እርሾ ይፈልጋል። አምቾ የምንለውን የእንሰቱን ሥር ለብቻው ጠቅልለው ይተዉታል፤ በራሱ ጊዜ ብስል ብሎ ይፈራርሳል፤ እሱን አድቅቀው ከተፋቀው ጋር ያዋህዱታል፣ ያ ነው የሚያስቦካው። ከዚያ በኋላ ከአሮጌው ጉድጓድ ትንሽ እየተነሳ ለአዲሱ ይሰጣል። በእህቴ ጉድጓድ ውስጥ ያለው እርሾ ከእናታችን ጉድጓድ የመጣ ነው። የእናታችን ከእናቷ። እህቴ ስታገባ ከወርቅ በፊት የተቀበለችው እሱን ነው፤ በቅጠል ተጠቅልሎ ነበር። እኔ ጽሕፈት ቤት ስለምሠራ አልተሰጠኝም። ቅር አላለኝም።

“አንድ” አለች ልጅቷ። ወስፌውን አነሳች። “ሁለት።”

ድንገተኛ ድምፅ አልወድም። ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

“ሦስት!”

ሁለት ጆሮዎቼን በሁለት እጄ ያዝኩ። ቅጠሉ እግሬ ሥር ወደቀ።

ፊኛው ከጠበቅነው በላይ ጮኸ። ዶሮዎቹ አጥሩን ዘለሉ። ቀይ ደመና ተነሳ፣ ለአንድ አፍታ እዚያው ቆመ፣ አማረም። ከዚያ ነፋሱ አንሶላውን እንዳላየ አልፎ ደመናውን ወደ ግራ ወሰደው። ግማሹ ቆጮው ላይ አረፈ። ግማሹ በእንሰቱ መሀል ሾልኮ ወደ ማዶ ሄደ። አንሶላው እንደነጣ ቀረ።

መጀመሪያ ያስነጠሰው መምህሩ ነው። ደጋግሞ አስነጠሰ፤ ወንበሩ ወደቀ።

“ምንድን ነው? ደህና ናችሁ?” ብሎ እየተደናበረ ወደ እኛ መጣ።

“እንዳትገባ!” አለች ነጋዴዋ ዓይኗን ጨፍና። “ደህና ነን! ኮከቡ ነው!”

እህቴ አላስነጠሰችም። ቆጮውን ታያለች። ነጭ የነበረው ገበታ፣ ሽሮ የተነሰነሰበት መስሎ ቀይ ነጠብጣብ አውጥቷል። ሳታስበው በእጇ ጠራረገችው፤ በርበሬው ይበልጥ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ቅጠል መያዝ ብቻ ነው ያልኩሽ!”

“ጮኸብኝ።”

“ጮኸባት! አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴትዮ ፊኛ ጮኸባት!” ወደ ልጇ ዞረች። “አንቺስ ምን አደረግሽኝ? ይሄን ቆጮ ምን ላደርገው ነው? ጉድጓድ ስከተው በርበሬው እሱ ውስጥ ነው። ከዚህ ጉድጓድ እርሾ አንስቼ ለሚቀጥለው ስሰጥ በርበሬው አብሮ ይሄዳል። ከሚቀጥለው ለሚቀጥለው! ከአያቴ ጀምሮ ንጹሕ ሆኖ የመጣ እርሾ! ከእንግዲህ የልጅ ልጅሽ የምትበላው ቆጮ በርበሬ አለው፤ ‘ይሄ በርበሬ ከየት መጣ?’ ብላ ስትጠይቅ፣ ‘አንድ ቅዳሜ ቅድመ አያትሽ ጓሮ ውስጥ አንድ ነገር ፈንድቶ ነው’ ይሏታል!”

ከማዶ፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ እንባ የተሞላ ድምፅ መጣ።

“እናቴ… እባክዎ… ያንን ይድገሙልኝ።”

“የቱን?”

“የመጨረሻውን። ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ያሉትን። እየጻፍኩ ነው።”

“ቁጣዬን ነው የምትጽፈው?”

“እማዬ!” አለች ልጅቷ። ፊቷ ላይ በርበሬ አለ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። “ይኸው ነው እኮ! የመጀመሪያው ጋዝ ንጹሕ ነበር። ኮከቡ ፈነዳና ገባበት። ከዚያ ጋዝ የተወለዱት ከዋክብት ሁሉ እሱን ይዘው ነው የተወለዱት። እነሱም ፈንድተው ሌላ ጨመሩበት። እኛ ጋ ሲደርስ ነው ብረትም ጨውም የሆነው!”

“የመጀመሪያውስ ኮከብ እርሾውን ከየት አመጣው?” አለች እህቴ፣ ቁጣዋ ሳይበርድ።

“ከየትም አላመጣም። በራሱ ሠራው።”

“እንደ አምቾው በይኛ። ለብቻው ተጠቅልሎ፣ በራሱ ጊዜ የሚፈራርሰው።”

“እንደ አምቾው!”

“ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ፊኛ ምን ያደርጋል!”

መምህሩ ወንበሩን አንስቶ ተቀመጠ። “አንደኛዋ አድማጭ ገብቷቸዋል” አለ። እህቴ መመዘኗን የዚያን ጊዜ ነው ያስታወሰችው። ቀና አለች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። እርሱ አያያትም ነበር፣ ጀርባውን ነው የሰጠው፤ እርሷ ግን አስተካከለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ለነጋዴዋ ሆነ። መምህሩ ከማዶ ጠየቃት።

“ወርቅስ? ወርቅ ከብረት ይከብዳል። እሱም እንደ ብረቱ በየኮከቡ ይሠራል?”

“አይሠራም” አለች ነጋዴዋ፣ ዓይኗን ውሃ እየረጨች። “ልጅቷ ነግራናለች። ሁሉም ፍንዳታ ወርቅ አያወጣም። አንዳንዱ ለየት ያለው ብቻ ነው፤ ወይ ደግሞ የሞቱ ሁለት ከዋክብት ሲጋጩ ነው አለችን። እኔ በቡላ ያዝኩት።”

“በቡላ?”

“አዎ። ይሄ ሁሉ እንሰት ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ውሃው ሲረጋ ከሥር የምትገኘው ቡላ ምን ያህል ናት? እፍኝ ናት። ቆጮው ሞልቷል፣ ቡላ ግን እፍኝ። ለዚህ ነው የምትወደደው። ወርቅም እንደዚያው ነው። በነፃ የሚገኝ ቢሆን እኔ በርበሬ ምን ያስነግደኛል?”

“ሁለተኛዋም ገብቷቸዋል” አለ መምህሩ። በደስታ ይሁን በበርበሬው አላውቅም፣ ድምፁ ተሰብሯል።

አንድ ቀርቷል። ማለቴ ሁለት ሰው ቀርቶናል፤ ከሁለታችን አንዳችን ብንመልስ ልጅቷ አለፈች። እርሷም ይህን ስለምታውቅ በእፎይታ ወደ እኔ አየች። የተረጋገጠችው እኔ ነኛ። እኔም ጉሮሮዬን አጸዳሁ። መምህሩ ግን በተራ ነው የሚሄደው፤ ቀጥሎ ያለችው ፋቂዋ ነበረች።

“ሦስተኛው ጥያቄ። ትልቁ ኮከብ የሚፈነዳው ለምንድን ነው?”

የጉንችሬዋ ሴት አማርኛ ትሰማለች፤ መናገሩን ግን አትወድም። በራሷ ቋንቋ መለሰች። መምህሩ አልገባውም። ጉንችሬ ዘጠኝ ዓመት ስለኖርኩ መተርጎሙ ለእኔ ተሰጠ።

ያለችው እንዲህ ነው። ምድጃ አመድ ሲሞላው እሳቱ ይሞታል፤ አመድ አይነድም። ብረቱ የኮከቡ አመድ ነው። እሳቱ ሲሞት ላዩን ደግፎ የሚይዝ የለም፤ ጣሪያው በሙሉ ወደ ውስጥ ይናዳል። ወድቆ ሲመታ ነው ነጥሮ የሚበተነው።

ሰማኋት። ደነገጥኩም። እሳቱ ሲሞት ይፈነዳል? የሞተ እሳት ምን ያፈነዳል? ይህቺ ምስኪን ሴት ነገሩን ገልብጣ ያዘችው፣ ልጃችንንም ልትጥላት ነው ብዬ አሰብኩ። አርባ ዓመት ሙሉ በጽሕፈት ቤት ስሠራ የሰው ስሕተት ሳላስታውቅ አርሜ አልፌያለሁ። ርእሰ መምህሩ የረሱትን ነጥብ ጨምሬያለሁ። ደብዳቤ ላይ የተዘለለ ቃል አስገብቻለሁ። ማንም አላመሰገነኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ይህንንም እንደዚያው ቆጠርኩት።

“ኮከቡ እንደተከደነ ድስት ነው ትላለች” አልኩ ጥርት ባለ ድምፅ። “እሳቱ እየበዛ፣ እየበዛ ሲሄድ፣ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ፣ ክዳኑን በርቅሶ ይፈነዳል።”

ከማዶ የእስክሪብቶው ድምፅ ቆመ። ልጅቷን አየኋት፤ ፊቷ ላይ ከበርበሬው በቀር ቀለም አልቀረም።

“ይሄ እንኳ…” አለ መምህሩ ቀስ ብሎ፣ “ይሄ ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል። ግን የሚፈነዳው እሳቱ ሲበዛ አይደለም፣ ሲያልቅበት ነው። እናዝናለን፤ ሦስተኛዋ…”

“ኧረ በአላህ!” ነጋዴዋ ጮኸች። “ድስት መቼ አለች? ጉንችሬ ገበያ የምመላለስ ሰው ነኝ፣ ቋንቋቸውን እሰማለሁ! አመድ ነው ያለችው!”

“አመድ?”

“አመድ ነው ያልኩት” አለች ፋቂዋ። በአማርኛ ነው ያለችው፣ ያውም በጥሩ አማርኛ። መፋቂያዋን ጭኗ ላይ አጋደመች። “ብረቱ አመዱ ነው፣ አመድ አይነድም፣ እሳቱ ሲሞት ላዩ ይወድቃል፣ ወድቆ ይነጥራል። ድስት የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም።”

መምህሩ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀመጠ መሰለኝ፤ ሲንቋቋ ተሰማ።

“ትክክል! ልክ ነው! ከዚህ የተሻለ ክፍል ውስጥም አልሰማሁም!” ከዚያ ድምፁ ዝግ አለ። “እንግዲያው… ድስቱ የማን ነው?”

ሦስቱም ሴቶች ወደ እኔ ዞሩ። ልጅቷም ዞረች። ከዶሮዎቹ አንዷ ተመልሳ አጥሩ ላይ ነበረች፣ እርሷም ያየችኝ መሰለኝ።

“የእኔ ነው” አልኩ።

እህቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሸፈነች በኋላም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

“አራተኛዋ አድማጭ…” አለ መምህሩ። ጨዋ ልጅ ነው ብያለሁ። ሊጨርሰው አልቻለም።

“አልገባኝም” አልኩለት። “ይጻፉት።”

ሊጽፍ ሞከረ። አልቻለም። በርበሬ በነካው እጁ ዓይኑን አሽቶ ኖሯል፣ አሁን ጭራሽ አይገለጥለትም። “ከእናንተ መጻፍ የሚችል አለ?” ብሎ ጠየቀ። እህቴ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

በእንሰቱ መሀል አልፌ ወደ ማዶ ሄድኩ። ፎርሙንና እስክሪብቶውን ሰጠኝ፣ እርሱ በመሐረቡ ዓይኑን ይዞ ይነግረኛል፣ እኔ ወንበሩ ጀርባ ላይ አስደግፌ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው።

“የአድማጮች ብዛት” አለ።

አራት ብዬ ጻፍኩ።

“የገባቸው።”

“ሦስት።”

“ያልገባቸው።”

“አንድ።”

“ከሥሩ ምክንያት የሚል መስመር አለ፤ እሱን ይተዉት፣ ግድ የለም።”

በሥራ ዘመኔ መስመር ባዶ ትቼ አላውቅም። “አስቀድማ የምታውቅ መስሏት” ብዬ ሞላሁት። ከዚህ በታች የአቅራቢዋ ውጤት የሚል ቦታ ነበር። ጠየቅሁት፤ “አልፋለች” አለኝ። ቃሉን በደንብ አድርጌ፣ ፊደሉን ሳላጣብቅ ጻፍኩና ቀኑን አስገባሁ። የጻፈችው ብሎ ስሜን የሚጠይቅ ቦታም ነበር። ፈረምኩ።

ፎርሙን ከእንሰቱ ማዶ ለልጅቷ አሳየኋት። አነበበችው። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ምክንያት የሚለው ጋ። ወስፌው ከእጇ ወደቀ፣ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ እናቷም “ቆጮዬን ረገጥሽው!” ብላ ጮኸችባትና አቀፈቻት። ነጋዴዋ እልል አለች። ፋቂዋ መፋቂያዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች፤ የተነቀለ እንሰት አይቆይም።

“አክስቴ” አለች ልጅቷ በመጨረሻ፣ እንሰቱን ገለጥ አድርጋ። “ግቢ እንጂ፣ ምሳ አለ። ድስቱንም ላስረዳሽ።”

“ሌላ ቀን” አልኳት።

ፎርሙን ለመምህሩ አስረከብኩ። ነጠላዬን አራግፌ፣ ባጃጅ ወደሚገኝበት መንገድ ወጣሁ።